መድኃኒት ሲያይ የሚሰወር ዕጢ

ሰባ ዓመት ያለፋቸው አዛውንት ቃል ሲጠፋባቸው፣ ከጨዋታ ሲርቁ፣ ሲራመዱ ሲንገዳገዱ ቤተሰብ «ዕድሜ ነው» ይላል። ብዙ ጊዜም ልክ ነው። ለውጡ በሳምንታት ውስጥ ከመጣ ግን እርጅና ብቻውን እንዲህ አይቸኩልም።

ከሚጠረጠሩት አንዱ የአንጎል ሊምፎማ ነው። የሚነሣው ከአንጎል ሴሎች ሳይሆን ሰውነትን ከሚጠብቁት ነጭ የደም ሴሎች ነው። ብርቅ ነው፤ አንጎል ውስጥ ከሚጀምሩ ዕጢዎች ከ100 አራት ያህሉን እንኳ በጭንቅ ይሞላል። ኤችአይቪ በሌለባቸው ሰዎች ላይ በብዛት የሚታየው ከ60 ዓመት በኋላ ነው።

በኤምአርአይ ምስል ላይ ብዙውን ጊዜ በአንጎል ውስጥ ባሉት የፈሳሽ ክፍሎች አጠገብ ወጥ ሆኖ ይደምቃል። አንዳንዴ የግራና የቀኙን አንጎል ድልድይ ተሻግሮ ክንፏን የዘረጋች ቢራቢሮ ይመስላል። ግሊዮብላስቶማ የተባለው ሌላ አደገኛ ዕጢም ይህንኑ ቅርጽ ይይዛል፤ ስለዚህ ምስል ያስጠረጥራል እንጂ አይፈርድም።

ከባዱ ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አንጎል ሲያብጥ ሐኪም ቶሎ የሚያዝዘው ዴክሳሜታዞን የተባለውን ስቴሮይድ ነው። መድኃኒቱ እብጠቱን ያበርዳል፤ ሊምፎማ ሲሆን ደግሞ የዕጢውን ሴሎችም ይገድላል። አንዳንዴ በቀናት ውስጥ ምስሉ ይጠራል፣ አዛውንቱ የልጆቻቸውን ስም መጥራት ይጀምራሉ። ቤቱ በምስጋና ይሞላል። ዕጢው ግን ይመለሳል። በመሃሉ ናሙና ቢወሰድ ፓቶሎጂስቱ በማይክሮስኮፕ የሚያየው የሞተ ሥጋ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ የበሽታው ስም ሳይታወቅ ጊዜ ያልፋል። በዚህ ምክንያት እብጠቱ ሕይወትን ካላሰጋ በቀር ስቴሮይዱ ከናሙናው በኋላ እንዲሆን ይመከራል። አባቱ ሲደክሙ ለሚያይ ልጅ ይህን ማስረዳት ቀላል አይደለም፤ ሆኖም በጊዜ ሊነገረው ይገባል።

ናሙናው የሚወሰደው ቅሉ ላይ በተበሳ ትንሽ ቀዳዳ፣ በኮምፒውተር በሚመራ ቀጭን መርፌ ነው። የተገኘው ቅንጣት ሥጋ ሲዲ20 የተባለውን የቢ ሴል ምልክት መያዙ ይመረመራል። ዓይንም ይታያል፤ ሊምፎማው በዓይን ውስጥ ሊደበቅ ስለሚችል የእይታ መደብዘዝ አንዳንዴ ከግራ መጋባቱ ይቀድማል። የኤችአይቪ ምርመራም ይደረጋል፤ ከወገብ የሚቀዳ ፈሳሽና የሌላው ሰውነት ምስልም ይከተላሉ።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ስለ ስም ብቻ አይደለም። ግሊዮብላስቶማ ሲሆን የነርቭ ቀዶ ሐኪሙ የሚቻለውን ያህል ቆርጦ ለማውጣት ይሞክራል። የሊምፎማ ዋና ሕክምና ግን በከፍተኛ መጠን በደም ሥር የሚሰጥ ሜቶትሬክሴት ነው፤ ኩላሊታቸው መድኃኒቱን ማጣራት ከቻለ በ70ዎቹ ዕድሜ ያሉ ሰዎችም ይወስዱታል።