ፎቶ ማሳመር በስልክ አልተጀመረም

«የድሮ ፎቶ እውነተኛ ነበር፤ የዛሬው ፊልተር ብቻ ነው» ሲባል ስሰማ ሳቄ ይመጣል። ወጣትነቴን የጨረስኩት ፒያሳ አንድ ፎቶ ቤት፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልም ሳጥብ ነው። ለጉርድ ፎቶ ቡግሩን ይዞ የገባ ደንበኛ፣ ፎቶው ላይ ግን ፊቱ ጠርቶ ይወጣ ነበር።

ምስጢሩ እርሳስ ነው። ኔጋቲቭ ላይ ጥቁሩ ነጭ፣ ነጩ ጥቁር ሆኖ ስለሚታይ፣ የፊት ቡግር ወይም መጨማደድ ፈዘዝ ያለ ነጥብና መስመር ይሆናል። ጫፉ በሾለ እርሳስ ያንን በቀስታ ስንሞላው፣ ሲታተም ቡግሩ የለም። በማተሚያው ብርሃን ሥርም ሥራ አለ፦ ፊቱ እንዳይጠቁር በመዳፋችን እንጋርደዋለን፤ ከልክ በላይ የነጣውን ቦታ ደግሞ ብርሃን እንጨምርበታለን፤ ያኔ ይጠቁራል። ፎቶሾፕ ላይ የማጥቆሪያው መሣሪያ ምልክት ዛሬም የእጅ ሥዕል የሆነው ከዚሁ ወርሶ ነው።

ታዲያ ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? በፊልም ጊዜ የሚታሰበው ከማንሳት በፊት ነበር። ፊልሙ 36 ፖዝ ነው፤ ቢበላሽም የሚታወቀው ከታጠበ በኋላ ነው። ስለዚህ «አገጭህን ዝቅ፣ ትከሻህን ቀና» እያልን ደንበኛውን እናደክመው ነበር። ዲጂታሉም ሲጀምር ቀርፋፋ ነበር፦ የኮዳኩ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን በ1975 እ.ኤ.አ. የሠራው የመጀመሪያው ዲጂታል ካሜራ አንድ ፎቶ ካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሰከንድ ይፈጅበት ነበር። ዛሬ ስልካችን በቅጽበት ብዙ ምስል አንስቶ አንድ ላይ ያዋህዳል። «ምንም አልነካሁትም» የምትሉት ፎቶ ሳይቀር፣ ስልኩ ራሱ አስቀድሞ ነካክቶታል።

በአንድ ነገር ፊልም ይበልጣል፦ በነጭ ልብስ። እናታችሁን በሀበሻ ቀሚስ ፀሐይ ላይ አቁማችሁ በስልክ ብታነሱ፣ የነጠላው ጥለትና ሽመና በብርሃን ይዋጣል። አንዴ የተቃጠለ ነጭ በየትኛውም ኤዲቲንግ አይመለስም። ኔጋቲቭ ግን ትርፍ ብርሃንን ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ጥላ ፈልጉ። ካልተገኘ ስክሪኑ ላይ ነጠላውን በጣታችሁ ነክታችሁ ብርሃኑን ቀንሱ፤ ፊቱን በኋላ ታፈኩታላችሁ።

በሌላው ደግሞ ዲጂታሉ ይበልጣል። የቀለም ላብራቶሪዎች ለዓመታት ቀለም የሚያስተካክሉት በኮዳክ ካርድ ላይ ባለች ነጭ ሴት ምስል ነበር። ጠቆር ያለ ፊት ጥርስና ዓይን ብቻ ሆኖ ይወጣ የነበረበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ዛሬ የራሳችንን መልክ በራሳችን ልክ ማስተካከል እንችላለን። ይህን ዕድል አግኝተን ፊታችንን በፊልተር ማንጣታችን ያናድደኛል። እኛ ቡግር እናጠፋ ነበር፤ መልክ ግን አንቀይርም ነበር። ቡግር በሳምንቱ ይሄዳል፤ የቆዳ ቀለምና የአፍንጫ ቅርጽ ግን የሰውየው ናቸው።

መላላኩም ተለውጧል። ድሮ ፎቶ ከጀርባው «ለትዝታ» ተብሎ፣ ስምና ቀን ተጽፎበት ይሰጥ ነበር። እንግዳ ሲመጣ አልበሙ ይወጣል፤ እናት «ይህቺ እገሌ ናት» እያለች ትዘረዝራለች። አሁን የቡናውም የምሳውም ፎቶ ዱባይና ዋሽንግተን በሰከንድ ይደርሳል። ግሩም ነገር ነው። ግን ቴሌግራምና ዋትስአፕ ፎቶ ሲልኩ መጠኑን ስለሚቀንሱት፣ ትልቅ አድርጋችሁ ልታሳትሙት ስትሉ ይደበዝዛል።

ስለዚህ ለምትወዱት ሰው ፎቶ ስትልኩ በፋይል ላኩ፤ እንዳለ ይደርሳል። ስታሳምሩ ብርሃኑን አስተካክሉ፣ መልኩን ተዉት። በዓል ባለፈ ቁጥር ደግሞ ጥቂቱን መርጣችሁ አሳትሙ፤ ከጀርባውም የሰዎቹን ስም፣ ቦታውንና ዓመተ ምሕረቱን ጻፉበት።