የባጃጅ አፍንጫ

ባጃጅ ማጠብ ጥገና አይደለም። ቆቦ ላይ በየላቫጆው ደጃፍ ቆሜ ይህን ስንት ጊዜ እንደተናገርኩ እኔም ረስቼዋለሁ፤ የሰማኝ ሰው ግን በጣት ይቆጠራል። ልጆቹ ሰማያዊውን ቆርቆሮ በሳሙና ያሻሉ፣ መስታወቱን በጋዜጣ ይወለውላሉ፣ ከፊት የተንጠለጠለውን ጌጥ አራግፈው መልሰው ይሰቅላሉ። ከዚያ ገና ግለቱ ባልበረደለት ሞተር ላይ ውሃ በግፊት ይለቁበትና «ሰርቪስ ተደረገች» ይላሉ። ሠርግ ልታጅብ ከሆነ ምንም አይደል። ሥራ ልትውል ከሆነ ግን የነካችሁት ቆዳዋን ብቻ ነው።

ባጃጅ ምን እንደሆነች ለራያ ሰው ማስረዳት ግመልን ከበረሃ ጋር እንደ ማስተዋወቅ ነው፤ ባጭሩ ልለፈው። ሦስት ጎማ፣ እንደ ሞተር ሳይክል ያለ መሪ፣ ከኋላ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር፣ አራት ማርሽ ወደ ፊት፣ አንድ ወደ ኋላ። ባለ አራት ምቷ 199 ሲሲ ገደማ ናት፤ ጉዱ ሁሉ የሚሠራው ሁለት የሻይ ብርጭቆ በማይሞላ ቦታ ውስጥ ነው ማለት ነው። በዚህችው ጉልበት ምጥ የያዛት ሴት ጤና ጣቢያ ትደርሳለች፣ የማሽላ ጆንያ ከገበያ ቤቱ ይገባል፣ ለሦስት ሰው የተሠራ ወንበር አምስት ሰው ይሸከማል (በዚህ ጉዳይ ሌላ ቀን እንጣላለን)። ይህን ሁሉ ሠርታም «ይቺ ቆርቆሮ» ትባላለች። ያንገበግበኛል።

ቆርቆሮ የሚላት ሰው ዘሯን ስለማያውቅ ነው። «ባጃጅ» መጀመሪያ የዕቃ ስም አልነበረም፤ የጋንዲ የቅርብ ወዳጅ የነበሩት ሕንዳዊው ነጋዴ የጃምናላል ባጃጅ የቤተሰብ ስም ነው። በዚህ ስም የሚጠራው ኩባንያ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ጎማ ተሽከርካሪ እንዲያመርት ከሕንድ መንግሥት ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1959 ሲሆን፣ ሥራውን የጀመረው በጣሊያኑ በፒያጆ ፈቃድ ነው። ፒያጆ ባለ ሦስት ጎማዋን እ.ኤ.አ. በ1948 ሲያወጣ «አፔ» ብሏት ነበር፤ በጣሊያንኛ ንብ ማለት ነው። የነደፋት ኮራዲኖ ዳስካኒዮ ቀድሞ ሄሊኮፕተር የሠራ መሐንዲስ ነው፤ ቬስፓም የእሱ እጅ ሥራ ናት። እንግዲህ የቆቦ ሜካኒክ «ካንዴላዋን ፍታ፣ ፍሪሲዮኗን አስተካክል፣ ማርሚታዋ ተበስቷል፣ ኩሽኔታዋ አልቋል» ሲል ልብ በሉ። ቃሎቹ በጣሊያን ካሚዮን ተጭነው የገቡ ናቸው። ንቧ ሕንድ ዞራ፣ ባሕር ተሻግራ ራያ ስትደርስ የአካሏን ስም ሁሉ በአባቷ ቋንቋ የሚጠራ ሰው ጠበቃት።

ከእነዚያ ስሞች ሁሉ እኔ የምወደው አንዱን ነው፤ ፊልትሮ። አንዳንዱ ሾፌር ያለችበትን ቦታ እንኳ አያውቅም። ከኋላ፣ ከጎማው ብዙም ሳትርቅ፣ ጥቁር ሳጥን ውስጥ ተዘግታ የምትኖር የባጃጅ አፍንጫ ናት።

አፍንጫዋ ለምን እንዲህ እንደሚያሳስበኝ ለመረዳት መጀመሪያ አፈራችንን ማወቅ ያስፈልጋል። ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ በምዕራብ በደጋው ግድግዳ፣ በምሥራቅ በዞብል ተራሮች በታጠረ ሜዳ ላይ ተቀምጣለች። ሜዳውን የሞላው ጎርፍ ነው። የሆርማትና የጎሊና ወንዞች በክረምት ከላይ አጥበው የሚያመጡትን ጠጠር ከተራራው ግርጌ ይጥሉታል፤ ልሙን ደለል ግን እስከ ሜዳው ያወርዱታል። የራያ ገበሬ ያንን ጎርፍ ጠልፎ ማሳው ላይ እያስተኛ ማሽላ ሲያበቅልበት ኖሯል። ያው ደለል በጋ ላይ ይደርቅና ጎማ ሲፈጨው ዱቄት ይሆናል። አጨዳው አልቆ ውድማው ሲጀመር ደግሞ የገለባው ብናኝ ይታከልበታል።

አንድ ቀን ከሮቢት ስመለስ አቧራውን ስረግም ከኋላ የተሳፈሩ አንድ አዛውንት ገበሬ ሰሙኝ። «አይ ልጄ፣ አንተ የምትረግመው እኮ እኔን የሚያበላኝን ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ለማሽላው ሲሳይ የሆነው አፈር ለሞተር ብርጭቆ ወረቀት ነው። በአቧራ ውስጥ ያለው የኳርትዝ ብናኝ በማዕድናት የጥንካሬ መለኪያ 7 ላይ ይቀመጣል፤ የሲሊንደሩ ብረትም የፒስቶኑ አሉሚኒየምም ከዚያ በታች ናቸው። ሲፋተጉ ማን ማንን እንደሚበላ መገመት አያዳግትም።

ስንት አየር ትስባለች? ሰው ሁሉ ባጃጅ የምትበላው ቤንዚን ይመስለዋል። አንድ ኪሎ ቤንዚን በደንብ እንዲቃጠል 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። በቆቦ ከፍታና ሙቀት አየሩ ስስ ስለሆነ ስሌቱን ስሠራው አንድ ሊትር ቤንዚን 11,000 ሊትር ገደማ አየር ያስፈልገዋል። ያ ባለ 200 ሊትር በርሜል ሃምሳ አምስት ነው። በቀን አምስት ሊትር የምታቃጥል ባጃጅ ከ250 በርሜል በላይ የራያ አየር፣ ከነአቧራው፣ በአንዲት ፊልትሮ በኩል ትስባለች። ቆርቆሮውን ያጠባችሁበትን ሰዓት አሁን አስታውሱ።

እዚህ ላይ ነው ትልቁ ስሕተት የሚመጣው። ሰው የሚፈራው የታፈነ ፊልትሮን ነው። የታፈነችው ግን ሐቀኛ ናት፤ ትናገራለች። አየር ሲያንስ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ማርሚታው ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፣ ባጃጇ ዳገት ላይ ትለግማለች፣ ቤንዚን ትጨርሳለች። ሾፌሩም ይማረርና ጋራዥ ይወስዳታል። የምታሾልከዋ ፊልትሮ ግን ዝም ትላለች። እንዲያውም ሞተሩ ቀለል ብሎት ይፈተለካል። አቧራው ከዘይቱ ጋር ተለውሶ የፒስቶኑን ፋሻና የሲሊንደሩን ግድግዳ እየሞረደ ሳለ ሾፌሩ «ዛሬማ ጎበዝ ሆናለች» ይላል። ከወራት በኋላ ሰማያዊ ጭስ ሲመጣና ዘይት መጉደል ሲጀምር ነገሩ አልቋል።

ይህን ከመጽሐፍ አይደለም የተማርኩት። ከወንድሜ ጋር በሽርክና የገዛናት የመጀመሪያዋ ባጃጃችን ወደ ዞብል ግርጌ በሚወስደው አቧራማ መንገድ ላይ መለገም ስትጀምር አንድ ጋራዥ ወሰድናት። ሜካኒኩ ሳጥኑን ከፈተ፣ ፊልትሮዋን አውጥቶ አየና «ታፍና እኮ ነው፤ ትተንፍስ!» ብሎ ባዶውን ሳጥን ገጠመው። ያን ዕለት እንደ ሚዳቋ ዘለለች። ሜካኒኩን መርቀን፣ ሻይ ጋብዘን ተለያየን። አራት ወር አልሞላም። ሞተሩ ሲፈታ የሲሊንደሩ ውስጥ በሚስማር የተጫረ ይመስል ከላይ እስከ ታች ተሰምሯል። ሲሊንደር፣ ፒስቶን፣ ፋሻ ሁሉ ተቀየረ። የሁለታችን የዓመት ቁጠባ በዚያች «ትተንፍስ» ሄደ። ዛሬም ፊልትሮ አውልቆ የሚነዳ፣ ወይም አየር እንዲያስገባ ብሎ በሚስማር የሚበሳ ሰው ሳይ ደሜ ይፈላል። አፍንጫው ቢደፈን የሚቆርጠው ማን ነው?

ስለዚህ አያያዟን እንነጋገር። መጀመሪያ የእናንተ የትኛዋ እንደሆነች እዩ። ስፖንጅ ከሆነች በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ ትታጠባለች፤ ትጨመቃለች እንጂ እንደ ነጠላ አትጠመዘዝም፣ ትቀደዳለችና። ጥላ ላይ በደንብ ትደርቅና ንጹሕ ዘይት ጠጥታ፣ ትርፉ ተጨምቆ ትገጠማለች። አቧራውን የሚይዘው ዘይቱ ነው፤ ደረቅ ስፖንጅ ወንፊት ብቻ ነው። በቤንዚን የሚያጥቧት አሉ፤ ማጣበቂያዋ ይለቃል፣ እሳትም አለበት፤ ተዉ። ወረቀት ከሆነች ደግሞ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። ውሃም ዘይትም አይነካትም። ቀስ ብላችሁ አራግፏት፣ አየር ከነፋችሁባትም ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በትንሽ ግፊት ይሁን። ከውጭ ወደ ውስጥ የሚነፋ ሰው አቧራውን ጠቅጥቆ ወደ ንጹሑ ጎን እያሳለፈው ነው። በጎሚስታው ቤት ሙሉ ግፊት የሚነፉባት ደግሞ በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ያበጁላታል። ስታረጅ ግዟት፤ ዋጋዋ ከፒስቶን ጋር አይወዳደርም።

አሁን የምለው ብዙ ሰው ያስቃል። ወረቀቷን ቶሎ ቶሎ አትክፈቷት። ትንሽ አቧራ የያዘች ወረቀት ከአዲሷ የተሻለ ታጣራለች፤ የመጀመሪያው ብናኝ ራሱ የሚቀጥለውን ይይዛልና። በዚያ ላይ ሳጥኑ በተከፈተ ቁጥር ከክዳኑ የሚረግፈው አፈር ወደ ውስጥ የመግባት ዕድል ያገኛል። ንጽሕና የሚወድ ሰው በየቀኑ እየከፈተ ሞተሩን ሲገድል አይቻለሁ። በሳምንት አንዴ፣ ከረጅም አቧራማ ጉዞ በኋላ ደግሞ በዚያው ቀን፣ ውጩን በእርጥብ ጨርቅ ከጠረጋችሁ በኋላ ክፈቱ። ይበቃል።

ከፊልትሮዋ ይልቅ ዳሯን እዩ። ምርጥ ፊልትሮ ሳጥኑ ላይ ካልገጠመች ዋጋ የላትም፤ አየር ሰነፍ ነው፣ በቀላሉ መንገድ ይሄዳል። ክዳኑ ይጥበቅ። ከሳጥኑ እስከ ካርቡራቶሩ የሚሄደው ጎማ ቱቦ በሙቀታችን ይደርቅና ይሰነጠቃል፣ በተለይ ማሰሪያው ሥር። እዚያ የተሰነጠቀ ቱቦ አቧራውን በቀጥታ ለሞተሩ ያጎርሰዋል።

እንዴት ይታወቃል? በጣት። ሞተሩን አጥፉ፣ አካባቢውን ጥረጉ፣ ቱቦውን ከሳጥኑ ፍቱ። ሌባ ጣታችሁን በንጹሕ ጨርቅ ጠርጋችሁ የቱቦውን የውስጥ ግድግዳ ዳስሱ። ያ ከፊልትሮዋ በኋላ ያለው፣ ንጹሕ መሆን የሚገባው ጎን ነው። ጣታችሁ እንደገባ ከወጣ ሂዱ፣ ሥሩ። አቧራ ይዞ ከወጣ ባጃጇን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ አትንዷት። ለዚህ ፈተና ማሽንም ባለሙያም አያስፈልግም።

አንድ ወጣት፣ ገና የገዛትን ባጃጅ ሲያሳጥብ አግኝቼው ይህን ብነግረው ሳቀብኝ። «ጋሼ፣ እሷ እኮ እንደ ሰዓት ነው የምትሄደው!» አለ። እስቲ ጣትህን አልኩት። ለማስደሰት ብሎ ፈታ፣ ዳሰሰ፣ አወጣ። ጣቱ ሽሮ የነካ ይመስል ነበር። ዝም አለ። ቱቦውን አገላብጠን ስናይ ከማሰሪያው ሥር ጥፍር የምታህል ስንጥቅ አገኘን። ያን ዕለት ሥራ አልወጣም፤ ቱቦ ፍለጋ ወልድያ ሄደ።

ሌላውን ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ ልፍጠን። ዘይት ጠዋት፣ ባጃጇ ሜዳ ላይ ቆማ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ይለካል። የሞተሩ ክንፎች ላይ ዘይትና አቧራ ተጋግሮ ከከረመ የሚያቀዘቅዘው ነፋስ አይደርስበትም፤ በርዶ እያለ በእንጨትና በብሩሽ ፋቁት። በሃይላንድ የተገዛ ቤንዚን በጨርቅ ይጠለል፤ ላምባ የገባበት ግን በጨርቅ አይጠራም። ፍሬኑን ስትረግጡት እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ አየር ገብቶበታል፤ ሰው ሳትጭኑ አሠሩት። ጎማ ላይ ምንም አልልም። ጎማ ሲፈነዳ ቆቦ ሁሉ ይሰማል።

ያ ወጣት አሁንም ባጃጇን ይሠራባታል። አስፋልቱ ላይ ስንተላለፍ ክላክስ አያደርግም፤ ሌባ ጣቱን ብቻ ከመሪው ላይ ቀና ያደርጋል። እኔም ጣቱን ከሩቅ አየት አደርጋታለሁ፤ ንጹሕ ናት። ተሳፋሪዎቹ ሰላምታ ይመስላቸዋል።