«ሲስተም የለም» ሲባል የሚደወልለት ሰው

ወረፋ ጠብቃችሁ መስኮቱ ጋ ስትደርሱ «ሲስተም የለም» መባል አዲስ ነገር አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ የተቋረጠው ኔትወርኩ ነው፤ መስመሩ ሲመለስ ሥራውም ይቀጥላል። አንዳንዴ ግን ሲስተሙ እውነትም የለም፤ የደንበኛው ስም፣ ሒሳብና ውል የተቀመጠበት ዳታቤዝ አልነሣ ብሏል። ያን ጊዜ ስልክ የሚደወለው ለዳታቤዝ አስተዳዳሪው ነው። ሙያተኞቹ ባጭሩ ዲቢኤ ይሉታል።

ወደዚህ ሥራ በራሳቸው ተምረው የገቡ ጥቂት አይደሉም። ኮምፒውተር ሳይንስ ያጠናውም ቢሆን ከዳታቤዝ ጋር የሚተዋወቀው በአንድ ሁለት ኮርስ ነው። የሠንጠረዥ አነዳደፍ ይማራል፤ የወደቀ ሰርቨር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ እንዴት እንደሚነሣ ግን አይለማመድም። እዚያ ላይ ዲግሪ ያለውና የሌለው እኩል ናቸው።

ጀማሪው ብዙ ጊዜ የሚነሣው ዳታቤዝ ከሚጠየቅበት ቋንቋ፣ ከኤስኪውኤል ነው። መጥፎ መነሻ አይደለም። የአይቢኤሙ ተመራማሪ ኤድጋር ኮድ መረጃን እርስ በርስ በተያያዙ ሠንጠረዦች የማደራጀትን ሐሳብ ያሳተመው በ1970 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቋንቋውም ከጥቂት ዓመታት በኋላ እዚያው አይቢኤም ውስጥ ተወለደ። ይህን ያህል ዘመን ያገለገለ የኮምፒውተር ዕውቀት ብዙ የለምና የተለፋበት አይከስርም። ሆኖም ኤስኪውኤልን ፕሮግራመሩም፣ ሪፖርት አዘጋጁም ይችሉታል። ዲቢኤ የሚቀጠረው መረጃው የጠፋ ዕለት መልሶ እንዲያመጣው ነው። በእኔ አስተያየት ትምህርቱም መጀመር ያለበት ከዚህ ጫፍ ነው።

በጊትላብ ላይ የደረሰውን እንይ። የፕሮግራመሮችን ኮድ የሚያስቀምጠው ይህ ኩባንያ በጃንዋሪ 2017 መጨረሻ ሁለት የዳታቤዝ ሰርቨሮች ነበሩት፤ አንዱ ዋና፣ ሌላው ዋናውን እየተከተለ የሚገለብጥ ምትክ። በወሩ 31ኛ ቀን ምሽት ምትኩ ወደ ኋላ ቀረ። ሲታገለው ያመሸ አንድ ኢንጂነር የምትኩን ፋይሎች አጥፍቶ እንደ አዲስ ሊያስገለብጥ ትእዛዝ ሰጠ። ትእዛዙን የሰጠው ግን በዋናው ሰርቨር ላይ ነበር። በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ነቅቶ ቢያቆመውም፣ ከ300 ጊጋባይት ገደማ የተረፈው 4.5 ያህል ብቻ ሆነ።

እስከዚህ ድረስ የደከመ ሰው ስሕተት ነው፤ ማንም ላይ ይደርሳል። የሚያስደነግጠው ቀጥሎ የመጣው ነው። ዕለታዊው ባክአፕ ሲፈለግ ማስቀመጫው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ባክአፕ የሚወስደው ፕሮግራም ስሪቱ 9.2፣ ዳታቤዙ ደግሞ 9.6 ስለነበር ሥራው በየቀኑ ይከሽፍ ነበር። «አልተሳካም» የሚለው ኢሜይልም በተቀባዩ በኩል ተመላሽ እየሆነ ማንም ሳያየው ኖሯል። ኩባንያውን ያተረፈው ከአደጋው 6 ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ለሌላ ሥራ በእጅ የተወሰደ ቅጂ ነው። ያንን መልሶ ማንሣት 18 ሰዓት ገደማ ፈጀ፤ በመሐል የገባው መረጃ ግን ቀረ። ጊትላብ የሆነውን ሁሉ ጽፎ ማሳተሙ፣ ጥገናውንም በዩቲዩብ በቀጥታ ማሳየቱ ያስመሰግነዋል። ብዙዎች ቢሆኑ ይደብቁት ነበር።

ጊትላብ ይሠራበት የነበረው ፖስትግሬስ የተባለ የዳታቤዝ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፤ መካከለኛ ላፕቶፕም ይሸከመዋል። ተማሪ፣ ትምህርት፣ ውጤት የሚሉ ሦስት ሠንጠረዦች ሥሩ፤ አንድ ሚሊዮን የፈጠራ ረድፍ ሙሉበት። ባክአፕ ውሰዱ። ከዚያ ዳታቤዙን በገዛ እጃችሁ አጥፉት። (እጅ ይንቀጠቀጣል፤ የፈጠራ መረጃ መሆኑን እያወቃችሁም።) ባክአፑን ወደ ሌላ ኮምፒውተር ወስዳችሁ ስታነሡት ደግሞ የስሕተት መልእክት ሊዘንብባችሁ ይችላል፤ «እንዲህ የሚባል ተጠቃሚ የለም» እያለ። የአንድ ዳታቤዝ ባክአፕ ሠንጠረዦቹን እንጂ የሰርቨሩን ተጠቃሚዎችና ፓስወርዶቻቸውን አይጨምርም፤ እነሱ ለብቻ መወሰድ አለባቸው። ይህን በመጽሐፍ ያነበበ ሊረሳው ይችላል፤ አንድ ሌሊት የተሠቃየበት ግን አይረሳውም።

ሁለተኛው ልምምድ የመብራት መጥፋት ነው። ከአንድ ሒሳብ 500 ብር ቀንሱ፤ ወደ ሌላው ሳትጨምሩና ዝውውሩን ሳታጸድቁ የዳታቤዙን ፕሮግራም በድንገት ግደሉት። መልሳችሁ ስትከፍቱት 500 ብሩ በባለቤቱ ሒሳብ ላይ ይገኛል። ምሥጢሩ የባለሱቅ የውሎ መዝገብ ነው። ፖስትግሬስ ማንኛውንም ለውጥ ወደ ዋናው ፋይል ከማስገባቱ በፊት ውሎ መዝገቡ ላይ ይጽፈዋል፤ ከውድቀት ሲነሣ መዝገቡን ያነብብና የጸደቀውን ይፈጽማል፣ ያልጸደቀውን እንዳልነበረ ይቆጥረዋል። መዝገቡ ቦታ ይይዛልና ዲስክ ሲሞላበት «የማይረባ ሎግ» መስሎት የሚሰርዘው ጀማሪ አለ። በዚያ ቀን ዳታቤዙ ላይነሣ ይችላል።

ሦስተኛው የእኛው ጣጣ ነው፤ የውጭ አገር ኮርሶች አይነግሯችሁም። አማርኛ በድሮ የማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ ውስጥ ሲገባ ወደ «????» የሚለወጠው ሠንጠረዡ ለላቲን ፊደል ብቻ ስለተዘጋጀ ነው፤ እስከ ስሪት 8 ድረስ ነባሪው እንዲያ ነበር። ጥብቅ ቁጥጥሩ ካልተከፈተ ፊደሉ ሲቀመጥ በእርግጥ ጥያቄ ምልክት ይሆናልና ኋላ ማንም አይመልሰውም። ስም ፍለጋም አለ። ለኮምፒውተሩ «ሰላማዊት» እና «ሠላማዊት»፣ «አለሙ» እና «ዓለሙ» የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ ያመጣ ተጨማሪ የመፈለጊያ ዓምድ ማበጀት ያዋጣል፤ የባለቤቱን አጻጻፍ ግን እንዳለ ተዉት።

ቀኑ ከሁሉ ይብሳል። የኢትዮጵያን ቀን በቀጥታ በቀን ዓምድ ብታስገቡ ጥቅምት 30 እንደ ፌብሩዋሪ 30 ይቆጠርና ተቀባይነት ያጣል፤ ጳጉሜን ደግሞ 13ኛ ወር የለም ይባላል። የሚከፋው የሚቀበለው ነው። የካቲት 15 ዝም ብሎ ጁን 15 ይሆንና የብድሩ ወለድ፣ የዕረፍት ቀኑ ሁሉ በተዛባ ቁጥር ይሰላል። በጎርጎርዮሳዊው አስቀምጡ፤ በኛው ለውጣችሁ አሳዩ።

ኩዌሪ ማፍጠን፣ ኢንዴክስ፣ ሴኩሪቲ ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ሚሊዮኑ ረድፍ ሲንቀራፈፍ ራሱ ያስተምራችኋል። ሰርተፍኬቱንም ቀጣሪ ሲጠይቅ ብትከፍሉበት ይሻላል።

የመጀመሪያ ሥራችሁ ዲቢኤ የሚል ስም ላይኖረው ይችላል። ክሊኒክ ወይም ትምህርት ቤት ገብታችሁ «ኮምፒውተር የሚችለው ልጅ» ትባሉ ይሆናል። እንደገባችሁ ምንም ሳትነኩ ሁለት ነገር ጠይቁ፤ የትናንት ማታውን ባክአፕና አንድ ባዶ ኮምፒውተር። ባክአፑን አንሡት፤ መነሣት አለመነሣቱን፣ የፈጀውንም ሰዓት ጽፋችሁ ለኃላፊው ስጡ። የሰው መረጃ ነውና ስትጨርሱ ኮምፒውተሩን አጽዱት።