ጎልማሳም ይማራል

«ሰው ከጎለመሰ በኋላ ፊደል አይገባውም» ሲባል እንሰማለን። ነገሩ ግን እውነት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ ጥናት፣ ተመራማሪዎች የ63 የብራዚልና የፖርቱጋል ሰዎችን አንጎል በመሣሪያ መረመሩ። ከእነሱ ውስጥ 22ቱ ፊደል የቆጠሩት ካደጉ በኋላ ነበር። እነዚህም ጽሑፍ ሲያዩ፣ በልጅነታቸው እንደተማሩት ሁሉ፣ በአንጎላቸው በግራ በኩል ያለው የንባብ ቦታ ሠራ። ፊደል በማያውቁት ላይ ግን ያን ያህል አልሠራም።

ምክንያቱ ምንድን ነው? አንድን ነገር ስንደጋግመው በአንጎል ሕዋሳት መካከል ያለው ግንኙነት ይጠነክራል። ነገሩ እንደ እግር መንገድ ነው፤ ሲመላለሱበት ይሰፋል፣ ሲተዉት ሣር ይውጠዋል።

ስለዚህ የተማርነውን እንዳንረሳ በየቀኑ ጥቂት እናንብብ። ደረሰኝ ሲሰጠን ራሳችን እናንብበው፤ ውልም ሳናነብ ጣታችንን አናትም።