ጥበባዊ አኒሜ እና ሰፊው ተመልካች

አኒሜ የሚባለው በጃፓን የሚሠራ የካርቱን ፊልም ሲሆን፣ ጥበባዊው ዓይነት ከፈጣን ድርጊት ይልቅ ለዝምታ፣ ለምልክትና ለሥዕል ውበት ቅድሚያ ይሰጣል። እንዲህ ያለው ፊልም ለጥቂቶች ብቻ ነው የሚለውን ግምት የጃፓናዊው ዳይሬክተር የሃያኦ ሚያዛኪ ፊልም «ስፒሪትድ አዌይ» አፍርሶታል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ለእይታ በቅቶ በጃፓን ከ30 ቢሊዮን የን በላይ ያስገባ ሲሆን፣ በ2003 ኦስካር ተሸልሟል። ፊልሙ ከወላጆቿ የተለየችን ልጅ ፍርሃትና ጽናት ስለሚከተል፣ የጃፓንን ተረት የማያውቅ ሰውም ይረዳዋል። በቆሻሻ የታፈነ የወንዝ መንፈስ ታጥቦ ሲነጻ የሚታይበት ትዕይንት፣ በየዓመቱ የኢሬቻ ምስጋና በሚቀርብበት በሆራ አርሰዲ ሐይቅ አቅራቢያ ለሚኖር የቢሾፍቱ ተመልካች ባዕድ አይሆንም። ስለዚህ የሲኒማ ቤት ባለቤቶች እንዲህ ያሉ ሥራዎችን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ትርጉም ለሕዝብ ሊያቀርቡ ይገባል።