ስንቋን በገላዋ የምትጭን ወፍ

በሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል፥ በደን ዳርና በአትክልት ቦታ የምትኖር፥ ባለቀይ ጉሮሮ ሃሚንግበርድ የምትባል ትንሽ ወፍ አለች። ክብደቷ 3 ግራም ያህል ነው። ጀርባዋ አረንጓዴ፥ ሆዷ ነጣ ያለ ሲሆን፥ እንደ ዕንቍ የሚያበራው ቀይ ጉሮሮ የወንዱ ብቻ ነው። በአየር ላይ ቀጥ ብላ በረጅም ምላሷ የአበባ ወለላ ትልሳለች፤ ጥቃቅን ነፍሳትንም ትለቅማለች።

የብርዱ ወራት ሲቃረብ ወደ መካከለኛው አሜሪካ ትሰደዳለች። ብዙዎቹ የሜክሲኮን ባሕረ ሰላጤ፥ 800 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ሳያርፉ ይሻገራሉ። ሲራራ ነጋዴ ስንቁን በአጋሰስ እንደሚጭን፥ እርስዋም አስቀድማ በልታ ክብደቷን እጥፍ ያህል በማድረግ ስንቋን በስብ መልክ ትይዛለች፤ ስንቅ ያጠራት ከባሕር ትቀራለች።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1918 ዓ.ም. በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት፥ ያለ ፈቃድ ወፏን መግደልም ሆነ ላባዋን መሸጥ ክልክል መሆኑን ክቡራን ነጋዴዎች ይገንዘቡ።