ተጨማሪ መረጃ፦ ገና ላልመጣ ደዌ መከተብ

በሀገራችን የማኅፀን በር ካንሰር ክትባት በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች በየትምህርት ቤቱ መሰጠት በጀመረ ጊዜ፣ መርፌው ወደ ክንድ ጡንቻ የሚያስገባው ፈሳሽ ግማሽ ሚሊ ሊትር ብቻ ሆኖ ሳለ፣ በወላጆች ልብ ያሳደረው ጥያቄ ግን ብዙ ነበር። «ስለምን 14 ዓመት ብቻ?» ባሉት መሳለቅ አይገባም፤ ዕድሜው የተወሰነው በዓለም ገበያ የክትባቱ እጥረት ስለ ነበረ እንጂ በሌላ ምሥጢር እንዳልሆነ አስቀድሞ በግልጥ ቢነገር ኖሮ፣ «መካን ያደርጋል» የሚለው ወሬ ያን ያህል ጆሮ ባላገኘ ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው የንጽሕና ነገር ነው። ደዌውን የሚያመጣው ቫይረስ በሩካቤ የሚተላለፍ ነውና፣ ልጇን በድንግልና ጠብቃ በተክሊል ልትድራት የምትመኝ እናት ክትባቱን እንደ ነቀፋ ብትቈጥረው አያስደንቅም፤ ነገር ግን ክትባቱ የገባውን ቫይረስ የማያስወጣ፣ ያልገባውን ግን የሚከለክል ስለ ሆነ፣ አብልጦ የሚጠቅመው ለዚያችው ለድንግሊቱ ልጅ ነው፤ ንጽሕት ሙሽራም ብትሆን ቫይረሱን ከባሏ ልትቀበል ትችላለችና። (ጤና ሠራተኞች «የአባላዘር» ከማለት «የካንሰር ክትባት» ማለትን መምረጣቸው ብልኅነት ነው፤ ሆኖም የእውነቱን እኩሌታ ይሸሽጋል።)

በኅዳር 2017 ዓ.ም. ቀድሞ ሁለት ጊዜ ይሰጥ የነበረው መርፌ ወደ አንድ ተቀንሶ፣ ዕድሜውም ከ9 እስከ 14 ተዘርግቶ፣ ከ7 ሚሊዮን በላይ ልጃገረዶችን ለመከተብ ዘመቻ ተደረገ።